ለአሥራ አምስት ገጽ ድረ ገጽ ዋየርፍሬም በምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ «የማሠልጠኛ ተቋማችንን ድረ ገጽ እንደ አዲስ ልናሠራ ነው። 15 ገጽ ገደማ ይኖረዋል። ዋየርፍሬሙን እንዳዘጋጅ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ ግን ዲዛይነር አይደለሁም። ሥራው ላይ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ አንድ ዴቨሎፐር እና አስተያየት የሚሰጡ ኃላፊያችን። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። ፊግማ ለመማር ሁለት ሳምንት ፈጀሁ፤ እስካሁን አንድ ገጽ አልጨረስኩም። አንዱ አክሹር ይለኛል፣ ሌላው አዶቤ ኤክስዲ፣ ሌላው ባልሳሚክ። ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው? ደግሞስ ንድፉን ወደ ኮድ የሚቀይር ቢገኝ የዴቨሎፐሩ ሥራ አይቀልም ወይ?»

ምላሽ፦ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት። ከወረቀትና ከእርሳስ ይጀምሩ። ቀጥሎ ድሮው አይኦ (draw.io) በሚባለው ነጻ የንድፍ መሣሪያ ይገልብጡት። ፊግማን ለጊዜው ይተዉት። ወደ ኮድ የሚቀይር መሣሪያ መፈለጉንም ይተዉት። ምክንያቱን ግን መስማት አለብዎት። አለበለዚያ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ስም ሲጠራልዎት እንደገና ልብዎ ይከፈላል።

በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። ዋየርፍሬም ገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ፣ የትኛው እንደሚቀድም፣ አንዱ ሲነካ ወዴት እንደሚወስድ የሚናገር ንድፍ ነው። መስመር፣ ሳጥን፣ ጽሑፍ፤ በቃ። ፎቶ የሚገባበት ቦታ ላይ ኤክስ የተሰመረበት ሳጥን ይቀመጣል። ሞክአፕ ደግሞ ቀለሙም፣ ፎንቱም፣ ፎቶውም ገብቶበት የገጹን የመጨረሻ መልክ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ፕሮቶታይፕ የሚባለው ሰው ነካክቶ የሚሞክረው፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚሄድ ናሙና ነው። ከወረቀትም ይሠራል፣ ከኮድም ይሠራል። እርስዎ የታዘዙት የመጀመሪያውን ነው። ከተነገሩዎት መሣሪያዎች ውስጥ ግን አብዛኞቹ ጉልበታቸው ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ሁለቱ ሳምንት የገቡት እዚያ ነው።

ፊግማን ሲከፍቱ ምን እንደሚጠይቅዎት ያስታውሱ። የሳጥኑ ጥግ ምን ያህል ይጠጋጋ? ጥላ ይኑረው? ፎንቱ የትኛው ነው፣ መጠኑስ ስንት? ይህ ኮምፖነንት (አንዴ ተሠርቶ በየገጹ የሚደገም ክፍል) ይሁን? ኦቶ ሌይአውት (ክፍሎቹን በራሱ የሚደረድር አሠራር) ይግባበት? ሞክአፕ ለሚሠራ ሰው እነዚህ ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። እርስዎ ያሉት ግን ሌላ ጥያቄ ላይ ነው። ሠልጣኙ ኮርሱን አይቶ እስኪመዘገብ ስንት ገጽ ያልፋል? ክፍያው የት ላይ ይታየው? የሥልጠናው መጀመሪያ ቀን ካለፈ ገጹ ምን ይበለው? መሣሪያው የማይፈልጉትን ጥያቄ በየደቂቃው ሲደረድርብዎት የሚፈልጉት ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ገጽ አለመጨረስዎ ከችሎታዎ ጋር አይገናኝም። ጊዜው ያልደረሰ መሣሪያ ነው የያዙት።

ይህን ከራሴ ሥራ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ዕቃ የሚታዘዝበት ድረ ገጽ ስንሠራ የመጀመሪያውን ንድፍ በቀለምና በፎቶ አሳምሬ አቀረብኩ። ስብሰባው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴው ቀለም ላይ አለቀ። ይድመቅ፣ ይፍዘዝ፣ ከሎጎው ጋር ይሂድ፣ አይሂድ። ደንበኛው አካውንት ሳይከፍት ማዘዝ ይችላል ወይ የሚለውን ማንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ጥያቄው የመጣው ድረ ገጹ ከተሠራ በኋላ ነው። ዴቨሎፐሩ የማዘዣውን ክፍል ከሥሩ አፍርሶ እንደገና ሠራው። ንድፉ በእርሳስ የተሣለ ቢሆን ኖሮ ስለ ቀለም የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ንድፍ ሻካራ መሆን አለበት እላለሁ። ሻካራ ንድፍ ፊት ሰው ሐሳቡን ለመናገር አይፈራም፤ «ይሄን እዚህ አድርጉት» ብሎ እስክሪብቶ ያነሳል። ያለቀ የሚመስል ነገር ሲያይ ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ጌጡን ያያል።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ።

አዶቤ ኤክስዲን ዛሬውኑ ከዝርዝርዎ ያውጡት። እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ሲቀርብ ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ የመከረዎት ሰውም ያን ጊዜ ተጠቅሞበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 አዶቤ ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። የአውሮፓ ኅብረትና የብሪታንያ የውድድር ተቆጣጣሪዎች ስላልፈቀዱት በዲሴምበር 2023 ስምምነቱ ፈረሰ። ኤክስዲ ግን ከዚያ በኋላም አልተነሳም። ለብቻው አይሸጥም፣ አዲስ ነገርም አይጨመርበትም። ዛሬ እሱን ተምሮ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። ስኬች የሚባለውም ሊጠቀስልዎት ይችላል፤ መሥሪያው ለማክ ብቻ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ላስገባ። ኢንቪዥን የሚባል መሣሪያ ነበር። አንድ ሰሞን ዲዛይነር ሆኖ እሱን የማያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አገልግሎቱን ዘጋ። ሥራቸውን እዚያ ብቻ ያስቀመጡ ሰዎች ቀኑ ሳይደርስ ለማውጣት መሯሯጥ ነበረባቸው። እንዲህ ያለው ነገር በየጊዜው ይሆናል። ስለዚህ የትኛውንም ይምረጡ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ንድፉን ፒዲኤፍ አድርገው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ። ፒዲኤፍን የትም ቦታ፣ በማንኛውም ኮምፒውተር መክፈት ይቻላል።

አክሹር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ከባድ ሥራ የሚችል መሣሪያ ነው። «ተጠቃሚው ይህን ከመረጠ ያኛው ሳጥን ይከፈት፤ ቁጥሩ ከዚህ ከበለጠ ይህ መልእክት ይውጣ» ዓይነት ሁኔታዎችን ያለ ኮድ ማሠራት ይቻላል። ብዙ ደረጃ ላለው የብድር ማመልከቻ ወይም ለኢንሹራንስ ሥርዓት ንድፍ ቢሠሩ ኖሮ እኔ ራሴ እሱን እመክርዎት ነበር። የእናንተ ድረ ገጽ ግን በአብዛኛው የሚነበብ ገጽ ነው፤ ውስብስብ የሚሆነው የመመዝገቢያ ፎርሙ ብቻ ነው። ለአንድ ፎርም አክሹርን መማር አያዋጣም።

ባልሳሚክን የመከረዎት ሰው ጉዳዩ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጀምሮ ሆን ተብሎ በእጅ የተሣለ እንዲመስል ነው የተሠራው። ቁልፍ፣ ፎርም፣ ሜኑ፣ ሠንጠረዥ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ ጎትቶ መጣል ነው። ላሳምረው ቢሉ ብዙም አይፈቅድልዎትም፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ለዋየርፍሬም ብቻ ተብሎ የተሠራ ነገር ከፈለጉ እሱ ነው። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ግን ይከፈልበታል። አንድ ጊዜ ለሚሠራ ንድፍ መክፈል ግዴታ አይመስለኝም። በየወሩ አዲስ ድረ ገጽ የምታሠሩ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

ፊግማንና ፔንፖትን አብሬ ላንሳቸው። ፊግማ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ፣ ብዙ ሰው በአንድ ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ እንዲገባ ያስቻለ መሣሪያ ነው። ዛሬ ዲዛይነር ሲቀጠር ፊግማ ይችላል ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ፔንፖት የእሱ ዓይነት ሆኖ ኮዱ ክፍት የሆነ ነው። ከፈለጉ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል፤ ንድፉን የሚያስቀምጠውም ኤስቪጂ የሚባለውን የድሩን የራሱን ቋንቋ ተከትሎ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ፊግማ ላይ አስቀድሞ የተከፈተ ፋይል መስመር ሲቋረጥ ሥራዎን ይዞ ይቆይና በኋላ ያስተካክላል፤ ከዚህ በፊት ያልከፈቱትን ፋይል መክፈት ሲፈልጉ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሆንም። የዴስክቶፕ መተግበሪያው ቢጫንም ያው ነው። ብዙዎች ዴስክቶፕ ላይ ስለተጫነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይመስላቸዋል፤ ስህተት ነው። በዚህ ላይ 4 ጊጋ ራም አለ። ገጹ ሲበዛና ፎቶ ሲገባ ላፕቶፕዎ ይንተፋተፋል።

ድሮው አይኦን የምመክርዎት ለዚህ ነው። ዳያግራምስ ዶት ኔት ተብሎም ይጠራል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሥራ ሂደት በቀስት ለመሣል ነው፤ ለዋየርፍሬም የሚሆን ነገር እንዳለው ግን አያስተውለውም። ነጻ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ዓይነት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አካውንት አይጠይቅም። ፋይሉ በራስዎ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ከግራ በኩል ታች ተጨማሪ ቅርጾች የሚለውን ሲከፍቱ ሞክአፕ የሚል ክፍል አለ፤ ምልክት ሲያደርጉበት ቁልፎቹ፣ ፎርሞቹ፣ ሜኑዎቹ ይመጣሉ። ታች ላይ እንደ ኤክሴል ገጾችን በስም መጨመር ይቻላል። አንዱን ቁልፍ ወደ ሌላው ገጽ በሊንክ ማገናኘትም ይቻላል። ስኬች የሚል የመልክ ምርጫም አለው (ለማክ ብቻ ካልኩት መሣሪያ ጋር ስም እንጂ ሌላ ግንኙነት የለውም)፤ ሲመርጡት መስመሩ ሁሉ በእጅ የተሣለ ይመስላል። ያንን ይጠቀሙበት። ኃላፊዎ ንድፉን ገና ያላለቀ ነገር አድርገው እንዲያዩት ይረዳል።

ጉድለቱን አልደብቅዎትም። ሜኑውን በስድስት ገጽ ላይ ከገለበጡ በኋላ አንድ ቃል ቢቀየር ስድስቱም ላይ በእጅ ማስተካከል አለብዎት። ፊግማ ላይ ኮምፖነንት የሚባለው ይህን ይፈታል። ኮምፒውተር ላይ በተጫነው ዓይነት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይሠራም። ነካክቶ መሞከሩም ቀላል የሊንክ ዝውውር እንጂ ከዚያ አያልፍም። ገጹ 60 ቢሆን ይህ ያደክማል። ለእናንተ ግን አያስቸግርም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ሌላው አማራጭ ቤትዎ ያለው ነው፤ ፓወርፖይንት። ፓወርፖይንት እጅዎ ላይ ያለ ከሆነና አዲስ መሣሪያ መማር ከሰለቸዎት በእሱ ይሥሩት፤ ማንም አይፈርድብዎትም። ስላይዶችን በሊንክ ማያያዝ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ። በአንድ ፋይል ውስጥ የስላይዱ መጠን አንድ ነው። የስልኩንና የኮምፒውተሩን ንድፍ በሁለት የተለያየ ፋይል መያዝ ይኖርብዎታል።

በጽሑፍ አዝዘውት ንድፍ የሚያወጡልዎት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም አሉ። ዩዛርድ አንዱ ነው፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2025 ስቲች የሚባል አውጥቷል። ይሞክሯቸው፤ ግን የራስዎን ንድፍ በወረቀት ከጨረሱ በኋላ ይሁን። «ለማሠልጠኛ ተቋም ድረ ገጽ ሥራልኝ» ሲሉት በደቂቃ ውስጥ የሚያምር ገጽ ያወጣል። ያ ገጽ ብዙ ቦታ የታየውን አማካይ የተከተለ ነው። ሠልጣኞቻችሁ በስልክ ደውለው ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ምን እንደሆነ አያውቅም። ያለቀ ስለሚመስል ደግሞ ሦስታችሁም ሳትከራከሩ ታልፉታላችሁ። ለማነጻጸሪያ ግን ይጠቅማል፤ የረሱት ክፍል ካለ ሊያስታውስዎት ይችላል።

አሁን የኮዱን ነገር እንየው። ዋየርፍሬምን ወደ ኮድ የሚቀይር መሣሪያ ጠይቀዋል። ፊግማ ላይም ፔንፖት ላይም የሳጥኑን ልኬትና የሲኤስኤስ ኮድ (የገጹን መልክ የሚወስነውን) ማየት ይቻላል። ለዴቨሎፐሩ ይረዳዋል፤ ድረ ገጽ ግን አይሆንም። አንድ ሥዕል ወርዱ የታወቀ ነው። ድረ ገጽ ግን የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 ሪስፖንሲቭ የሚለውን አሠራር ካስተዋወቀ ወዲህ ከስክሪኑ ጋር አብሮ የሚጠብና የሚሰፋ ሆኗል። ሲጠብ ምን ወደ ታች ይውረድ፣ ምን ይደበቅ የሚለው ሥዕሉ ላይ የለም። የመመዝገቢያ ፎርሙ ሲላክ መረጃው የት እንደሚቀመጥ ሥዕሉ አያውቅም። ዓይነ ስውር ሰው በስክሪን አንባቢ ሲገባ የትኛው ጽሑፍ ርዕስ እንደሆነ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ከሥዕል አይታወቅም። በራሱ የወጣ ኮድ ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁሉ በሳጥን ላይ ሳጥን ደራርቦ ያልፋቸዋል። ዴቨሎፐሩ ያን ኮድ አጥርቶ ከማስተካከል ከባዶ መጻፍ ይቀለዋል። ሥራውን የሚያቀልልለት ግልጽ ውሳኔ ነው። «ይህ ዝርዝር ባዶ ሲሆን ምን ይታይ?» ብሎ ለሦስት ቀን መልስ እንዳይጠብቅ ማድረግ ይችላሉ።

ስለዚህ አንድ መስመር ከመሣልዎ በፊት ዴቨሎፐሩን አንድ ነገር ይጠይቁት። ድረ ገጹን በምን ነው የሚሠራው? በዎርድፕሬስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ሥርዓት ነው) ላይ ተዘጋጅቶ የተገዛ ገጽታ የሚጠቀም ከሆነ ያንን ገጽታ ያሳይዎት። ሜኑው ከላይ ብቻ የሚቀመጥበት ገጽታ ተመርጦ እርስዎ በጎን ቢሥሉት፣ ያንን ለመቀየር የሚወጣው ጊዜ ከንድፉ ጊዜ ይበልጣል። ከባዶ የሚጽፈው ከሆነ ደግሞ ነጻነትዎ ሰፊ ነው። ይህን ሳይጠይቁ የተሠራ ዋየርፍሬም ቆንጆ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ 15ቱን ገጽ በስም ዘርዝረው ይጻፉ። ከዚያ የሚመሳሰሉትን ያቧድኗቸው። ስድስት የኮርስ ገጾች ካሉ ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስሙ፣ ቆይታው፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ክፍያው፣ መመዝገቢያው። አንዱን መሣል ይበቃል። ዜናዎቹም እንደዚያው። ስለ እኛ፣ ታሪካችን፣ ራእያችን የሚሉት ሁሉ ርዕስና ጽሑፍ ናቸው። እኔ ስገምት የሚቀርዎት መነሻ ገጽ፣ የኮርሶች ዝርዝር፣ አንድ ኮርስ፣ መመዝገቢያ፣ ተራ የጽሑፍ ገጽ እና አድራሻ ነው። ስድስት። ድሮው አይኦ ይበቃዎታል ያልኩት ለዚህ ነው። ስድስቱን ለስልክና ለኮምፒውተር ቢሥሉ አሥራ ሁለት ንድፍ ነው። 15 ገጽ ብለው ሲያስቡት ያስፈራዎት ሥራ በሳምንት ውስጥ ያልቃል።

ከስልኩ ይጀምሩ። ኤ4 ወረቀት ሁለቴ ሲታጠፍ እያንዳንዱ ሩብ ከስልክ ትንሽ ሰፋ የሚል ነው። እዚያ ላይ ይሣሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ምን እንደሚቀድም ለመወሰን ይገደዳሉ። ኮምፒውተር ላይ ግን ቦታ ስላለ ሁሉንም ነገር ጎን ለጎን ደርድሮ ውሳኔን መሸሽ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ አንድ ገጽ በሁለት በሦስት ዓይነት ይሞክሩት። እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መጣሉም አያሳዝንም። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰዓት የደከሙበትን ግን ስህተት እንደሆነ እያወቁ እንኳ መጣል ይከብዳል።

ወደ ድሮው አይኦ ሲገለብጡት ለስልክ 360 ፒክስል ወርድ ያለው ሳጥን ይሥሩ፤ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች በዚያ ልክ ናቸው። በጣት የሚነካ ነገር ሁሉ ይጠጋ እንጂ አይጣበቅ። አፕል ለሚነካ ነገር በትንሹ 44 በ44 ፖይንት ይመክራል፤ ጉግል ደግሞ 48 በ48 ዲፒ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው)። ዋየርፍሬም ላይ ይህን ካላሰቡት በኋላ አምስት ሊንክ በአንድ መስመር ተጨናንቆ ያገኙታል።

ጽሑፉ እውነተኛ ይሁን። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንዎት። ትርጉም የሌለው የላቲን ማሟያ ጽሑፍ አያስገቡ፤ «ርዕስ እዚህ ይገባል» ብለውም አይለፉ። የኮርሱ ስም ስምንት ቃል ከሆነ ስምንቱንም ይጻፉት። ሁለት መስመር እንደሚይዝ፣ ቁልፉን ወደ ታች እንደሚገፋው የሚታወቀው ያኔ ነው። ጽሑፋችሁ በግዕዝ ፊደል ከሆነ ደግሞ ማንኛውንም መሣሪያ ከመምረጥዎ በፊት አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ይሞክሩ። በእጅ ጽሑፍ መልክ የሚመጡት ፎንቶች ብዙውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ፊደሉ በባዶ ሳጥን ከተተካ ወይም ቅርጹ ከሌላው ጋር ካልሄደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጭነው እሱን ይምረጡ፤ ነጻ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ሲበላሽ የሚታየውን ገጽ ነው። ፎርሙ ላይ ስልክ ቁጥር ሳይሞላ ቢላክ ስህተቱ የት ላይ፣ በምን ቃል ይነገረው? ምዝገባው ሲሳካ ምን ያያል፣ ቀጥሎስ ምን ያድርግ? ኮርሱ ከሞላ? የተፈለገው ኮርስ ከሌለ? እነዚህን እያንዳንዳቸውን ትንሽ ሳጥን ሥለው ከዋናው ገጽ አጠገብ ያስቀምጧቸው። ከድረ ገጹ ሁሉ ሠልጣኙ የሚናደደውና ትቶ የሚሄደው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ለኃላፊዎ ሊንክ አይላኩላቸው። ፊግማ ላይ እንኳ ሊንኩን ማየት ቀላል ሆኖ አስተያየት ለመጻፍ አካውንት ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ነገሩ ይቆማል። ስድስቱን ገጽ ያትሙ። እስክሪብቶ ይስጧቸው። «ምን ይመስልዎታል?» ብለው አይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጎትተው ስለ ጣዕም የሚሰጥ መልስ ነው። «አዲስ ሠልጣኝ ሆነው እዚህ ገጽ ላይ ቢመጡ መጀመሪያ ምን ይነካሉ?» ይበሏቸው። የተስማማችሁበትን ወረቀት ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ለውጥ መሆኑ ይታወቃል።

ከኃላፊው በተጨማሪ ሠልጣኝ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ላይ ይሞክሩት። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ሰው ላይ መሞከር አብዛኛውን የአጠቃቀም ችግር እንደሚያወጣ ጽፎ ነበር። ቁጥሩ ለሁሉም ሥራ እኩል አይሠራም፤ ለእናንተ መጠን ግን አምስት ሰው በቂ ነው። ወረቀቱን ያቅርቡላቸውና «ለዚህ ኮርስ ተመዝገብ» ይበሉ። ጣቱ የነካው ቦታ ወደሚወስደው ወረቀት ይቀይሩለት። አያስረዱ፣ አያግዙ። ሲጠፋው ዝም ብለው የጠፋበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ሦስተኛው ሰውም እዚያው ቦታ ላይ ከጠፋ ያንን ገጽ እንደገና ይሣሉት።

ምክሬ የሚቀየርበት ሁኔታ አለ። ኢንተርኔቱ ቢስተካከልና ሦስታችሁ በተለያየ ቦታ ሆናችሁ በየቀኑ አብራችሁ የምትሠሩ ብትሆኑ ፔንፖትን እመክር ነበር። ዲዛይነር ከተቀጠረ ደግሞ የመሣሪያው ምርጫ የእሱ ነው፤ ፊግማ ቢል አይከራከሩት። የተፈረመበትን ወረቀት፣ የገጾቹን ዝርዝርና የስህተት መልእክቶቹን ይስጡት። ሳጥኖቹን እየቀባ እንዲያስውባቸው ግን አይጠይቁት፤ የእርስዎን ቅደም ተከተልና ቃላት ይዞ መልኩን ከራሱ ያምጣ።